ወታደር የነበረ አባታችሁን ስለ ጦርነቱ ለመጠየቅ ስትነሡ

«ስንት ሰው ገደልክ?» ብላችሁ አትጀምሩ። ልጅ ሁሉ ማወቅ የሚፈልገው ይህንኑ ነው፤ ወታደር የነበረ ሰው ሁሉ ደግሞ ተነሥቶ ከቤት የሚወጣው በዚሁ ጥያቄ ነው። «እስቲ ስለ ጦርነቱ ንገረን» የሚለውም ከዚያ ብዙ አይሻልም። ዓመታት የፈጀ ነገር ከየት ጀምሮ ይንገራችሁ? «የጦርነት ወሬ ምን ይሠራል» ብሎ ወደ ሬዲዮኑ ይዞራል፤ እናንተም «አባቴ ማውራት አይወድም» ብላችሁ ትተዉታላችሁ። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ የጥያቄው ነው።

እኔ ኮምቦልቻ ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የጂኦግራፊ መምህርት ነኝ። አባቴ በደርግ ዘመን ወታደር ነበር፤ መጀመሪያ ናቅፋ ግንባር፣ ቀጥሎ ከረን፣ በመጨረሻም ከሠራዊቱ ጋር በእግሩ ወደ ሱዳኗ ከሰላ። ሠራዊቱ ከፈረሰ ከሠላሳ ዓመት በላይ ቢሆነውም በሰፈራችን እድር መዝገብ ላይ አሁንም «ሃምሳ አለቃ» ተብሎ ነው የተጻፈው። ከዚህ በታች የማሰፍረው ከእሱ ጋር ስኖር የሠራልኝን ነው። እናታችሁ ታጋይ ከነበረችም፣ አባታችሁ ከወዲያኛው ወገን ከነበረም ብዙው አይለወጥም፤ የቦታውን ስም ብቻ ቀይሩት።

መጀመሪያ የቤት ሥራችሁን ሥሩ

የት እንደነበረ ምንም ሳታውቁ አትጠይቁት። ወታደር ምንም የማያውቅ ሰው ሲጠይቀው አሳጥሮ ያልፋል፤ ትንሽ አውቆ የሚሳሳት ሰው ሲያገኝ ግን ሊያርመው ሲል ያወራል። ስለዚህ ትንሽ ዕወቁ።

በሐምሌ 1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር ኦጋዴንን ሲወር የዘመተ ከሆነ፣ ታጠቅ ጦር ሰፈር ሠልጥኖ የሄደ ሚሊሺያ ሊሆን ይችላል። ጅጅጋ በመስከረም 1970 ተይዛ የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. እንደተመለሰች፣ የካራማራ ተራራም የት እንዳለ አንብባችሁ ቅረቡ። የብሔራዊ ውትድርና አገልግሎት አዋጅ በ1975 ከወጣ በኋላ የተመለመለ ከሆነ ደግሞ «ስንተኛ ዙር ነህ?» በሉት፤ በስንተኛው ምልመላ ገባህ ማለት ነው። ይህች ጥያቄ ብዙ ትከፍታለች። አዋጁ ስድስት ወር ሥልጠናና ሁለት ዓመት አገልግሎት ይል ነበር፤ ብዙዎቹ ግን ሠራዊቱ እስኪበተን ድረስ እዚያው ቀሩ። በዙራቸው ይተዋወቃሉ፣ በዙራቸው ይፈላለጋሉ፤ አባቴ ገበያ መሐል የማያውቀውን ሰው «ስንተኛ ዙር?» ብሎ አቁሞ ግማሽ ቀን ሲቆም አይቻለሁ።

ከዚያ ወዲህ ያሉትን ትልልቅ ቀኖች በእጃችሁ ያዙ። ደርግ ኤርትራ ላይ ያካሄደው የቀይ ኮከብ ዘመቻ 1974፤ የደርግ ናደው ዕዝ የተደመሰሰበት የአፍአበት ውጊያ መጋቢት 1980፤ የደርግ 604ኛው ኮር የተመታበት የሽሬው ውጊያ የካቲት 1981፤ ምጽዋ ከደርግ እጅ የወጣችው የካቲት 1982፤ አሥመራ ግንቦት 16 ቀን 1983፣ አዲስ አበባ ከአራት ቀን በኋላ። የባድመው ጦርነት ከግንቦት 1990 እስከ ሰኔ 1992 ነው፤ ለዚያ ጦርነት ከቀድሞው ሠራዊት ብዙ ሰው ተመልሶ ተጠርቷል። ስለዚህ አባታችሁ አንድ ሳይሆን ሁለት ጦርነት ተሸክሞ ሊሆን ስለሚችል የትኛውን እያወራ እንደሆነ ለዩ።

ውጭ አገር ያደጋችሁ ልጆች በተለይ ከዘመን አቆጣጠሩ ተጠንቀቁ። አባታችሁ «ሰማንያ ሁለት ላይ» ሲላችሁ ምጽዋን ማለቱ ነው። እናንተ በፈረንጁ 1982 ብላችሁ ብትፈልጉ የምታገኙት ቀይ ኮከብን ነው፤ እሱም ጦርነት፣ እሱም እዚያው ኤርትራ ውስጥ ነው። መሳሳታችሁን እንኳ ሳታውቁ የስምንት ዓመት ስሕተት ይዛችሁ ትቀራላችሁ።

ካርታ ሥሩለት፤ ባይስተካከል ይመረጣል

እኔ በተማሪ የፈተና ወረቀት ጀርባ ላይ ከረንን ከታች፣ አፍአበትን ከመሐል፣ ናቅፋን ከላይ አስቀምጬ በቀጥታ መስመር አገናኘኋቸው። እናቴ ቡና እያፈላች ነበር። አባቴ መነጽሩን አድርጎ አየውና «መምህርት» አለኝ፤ እንዲህ የሚጠራኝ ሊያሾፍብኝ ሲፈልግ ነው። «በዚህ መንገድ ኡራል መኪና ብትልኪ ገደል ነው የምትከቺው።» እስክሪብቶዬን ተቀብሎ መንገዱን አጣመመው። ወረቀቱ አልበቃው ሲል ሲኒዎቹን ከረከቦቱ ላይ እያነሣ ምንጣፉ ላይ ደረደራቸው፤ ሸንተረር ሆኑ። የስኳር ዕቃዋ የእሱ ሞርታር የተተከለባት ጉብታ ሆነች። ጀበናዋን ከሁሉም በላይ ከፍ አድርጎ አስቀመጠና «ይቺ የእነሱ ናት። ሻይ ስንጠጣ ሳይቀር ቁልቁል ያዩናል» አለ። ከዚያ ጀምሮ እናቴ «ሲኒዬን መልሱልኝ፣ ቡናው ሊበርድ ነው» ብላ እስክትቆጣ ድረስ፣ ከዚያ በፊት በዕድሜዬ ሁሉ ከሰማሁት የበለጠ ሰማሁ።

ካርታ የሚሠራው ዓይን ለዓይን ስለማያስተያይ ነው ብዬ አምናለሁ። ሁለታችሁም ወረቀቱን ታያላችሁ፤ እጁም ሥራ ያገኛል።

ከዚያ በኋላ ስለ ዕቃ ጠይቁት። ውጊያውን እርሱት፤ ራሱ ይመጣል። ጫማህ በስንት ጊዜ ይቀየር ነበር? ውሃ በምን ይመጣ ነበር? አንድ ኮዳ ለስንት ቀን? ኮቾሮ እንዴት ይበላል? (የወታደር ደረቅ ብስኩት ነው፤ በሻይ ካልራሰ ድንጋይ ነው፤ የአባቴ ሁለት መንጋጋ ጥርሶች እዚያ ቀርተዋል።) ደብዳቤ ማን ይጽፍልህ ነበር፣ ማንስ ያነብልሃል? ሌሊት ተረኛ ስትሆን እንቅልፍ እንዳይወስድህ ምን ታደርግ ነበር? ቅማሉስ? ስለ ቅማል ያላወራ ወታደር እስካሁን አላጋጠመኝም፤ እየሳቁም ነው የሚያወሩት።

አባቴ ስለ ጫማ ሲያወራ ነው ወደ ሞት የመጣው። ሁለተኛውን ከስክስ መጋዘን አልሰጠውም፤ ከጎኑ ከወደቀ ልጅ እግር የወለቀ ነበር። ይህን ብሎ ዝም አለ። እንዲህ ያለ ቦታ ስትደርሱ «ከዚያስ?» አትበሉ። «አይዞህ» ማለትም አያስፈልግም፤ ማጽናናት ወሬውን ይዘጋዋል። እኔ ቆይቼ «የየት አገር ልጅ ነበር?» አልኩት። አገሩን ነገረኝ፣ የአባቱን ስም ነገረኝ፣ እረኛ እንደነበረና ዋሽንት ይነፋ እንደነበረ ነገረኝ። ስለ ሟች የሚጠየቅ ሌላ ጥያቄ ሁሉ እሱን ወደ ሞቱ ሰዓት ይመልሰዋል፤ ይህ ግን ልጁን በሕይወት ወደነበረበት ይወስደዋል።

ዝምታው ሁሉ ዝምታ አይደለም

ልጅ ሳለን «አባባ» ብለን ስንጠራው መልስ አይሰጥም ነበር፤ ተቆጥቷል ብለን እንሸሻለን። ነገሩ ጆሮው ኖሯል። ሞርታር፣ መድፍ፣ ዲሽቃ አጠገብ ዓመታት የኖረ ሰው መስማቱ ይጎዳል፤ ቀንና ሌሊት የሚጮኽ ጭውታም ይቀርበታል። በቀኝ ትከሻው ጠመንጃ የሚተኩስ ሰው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የባሰ የሚጎዳው ግራ ጆሮው ነው፤ ለአፈ ሙዙ የሚቀርበው እሱ ነውና። ስለዚህ ነገር ከማክበዳችሁ በፊት ቦታ ቀይሩ። በቀኙ ተቀመጡ፣ ፊታችሁን አሳዩት፣ ቴሌቪዥኑን አጥፉ፣ አትጩኹበት፤ ቀስ ብላችሁ ወፈር ባለ ድምፅ ተናገሩ። ጆሮውንም አስመርምሩት። በቤታችን «አመል» ስንለው የኖርነው ነገር ግማሹ በዚህ ብቻ ተቃልሏል።

ፍንጣሪ በሰውነቱ ውስጥ የቀረ ከሆነ የት የት እንዳለ ጠይቃችሁ ጽፋችሁ ያዙ። የድሮ ወታደር «ቁስሌ ድኗል» ይልና ለሐኪም አይናገርም። ኤምአርአይ የሚባለው ምርመራ የሚሠራው በኃይለኛ ማግኔት ስለሆነ በሰውነት ውስጥ ያለ ብረት ሊንቀሳቀስ ወይም ሊግል ይችላል፤ በተለይ ዓይን አካባቢ ካለ አደገኛ ነው። ምርመራው ከመጀመሩ በፊት ለባለሙያው መንገር ግድ ነው። ስለ አባታችሁ ጦርነት አንድ ነገር ብቻ የምታውቁ ከሆነ ይህን ዕወቁ።

ሌሊት ሲቃዥ አትንኩት። እጁን ይዞ መቀስቀስ ለእናንተ ፍቅር ነው፤ ለእሱ ግን በዚያች ቅጽበት ማን እንደያዘው አይታወቅም። ከበሩ ላይ ቁሙ፣ መብራት አብሩ፣ ስሙን ጥሩ፣ ማን እንደሆናችሁና የት እንዳለ ንገሩት፦ «እኔ ነኝ፣ ኮምቦልቻ ነን፣ ቤትህ ነህ።» ማታ ማታ አረቄ የሚጠጣው እንቅልፍ ያመጣልኛል ብሎ ነው፤ ማምጣቱንስ ያመጣል፣ ግን ከእኩለ ሌሊት በኋላ ያነቃዋል፣ ቅዠቱንም ያብሰዋል። ይህን በጠዋት፣ አእምሮው ንጹሕ ሲሆን እንጂ ብርጭቆ ይዞ ሳለ አትንገሩት።

ድንገተኛ ድምፅን አስቀድማችሁ አሳውቁት። የሠርግ ተኩስ፣ የአዲስ ዓመት ርችት፣ ጎረቤት የሚጥለው የጣራ ቆርቆሮ። «ዛሬ ማታ እነ እገሌ ቤት ሠርግ አለ፣ ይተኩሱ ይሆናል» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ትበቃለች፤ የሚጎዳው ድምፁ ብቻ ሳይሆን ድንገተኛነቱም ነው። ደግሞ ከጠበቃችሁት ተቃራኒ ቢሆን አትደንግጡ። በጥቅምት 2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ሁላችንም ስንንቀጠቀጥ የተረጋጋው እሱ ብቻ ነበር። መዳፉን የመስኮቱ መስታወት ላይ ለጥፎ «ይህ ከባድ ነው፣ ገና ሩቅ ነው» ይለናል፤ ጆሮው ያልሰማውን እጁ ይሰማዋል። ከመስኮት አርቆ በሁለት ግድግዳ መካከል አስተኛን። የወደቀው በኋላ ነው፤ ከተማው ጸጥ ብሎ ሁሉም ወደ ሥራው ሲመለስ እሱ ምግብ ማየት ተወ። እንዲህ ያለ ሰው ካላችሁ፣ ጭንቅ ሲያልፍ «እሱ እንኳ ጠንካራ ነው» ብላችሁ አትዘንጉት።

የቱን ተቀበሉ፣ የቱን አትቀበሉ

አባቴ አልጋ ሥር ሁልጊዜ አንድ ከረጢት በሶ አለ። ሲተኛ ጫማውን አፉን ወደ በር አድርጎ ነው የሚያስቀምጠው። ምግብ ቤት ስንገባ ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ በሩን ማየት አለበት። ባልዲ ውሃ ከተደፋ ቤቱ ይናወጣል። እነዚህን ተዉለት። ማንንም አይጎዱም፤ ወንበሩን ቀድማችሁ ልቀቁለት፣ በሶውን በየጊዜው አድሱለት። እህቴ አንድ ጊዜ «ይህ እኮ ሰላም ነው፣ ምን ያደርግልሃል» ብላ ከረጢቱን ወደ ጓዳ ወሰደችው፤ በማግስቱ ሁለት ከረጢት ሆኖ ተገኘ።

እጅ ማንሣት ግን ሌላ ነው። «ጦርነት ያየ ሰው ነው» የሚለው ሰበብ ለሚስትና ለልጅ ዱላ አይሆንም፤ ምሽግ ውስጥ አብረውት የነበሩ፣ በቤታቸው ድምፃቸውን እንኳ ከፍ የማያደርጉ ሰዎች አሉ። ሽማግሌ ጥሩ፣ ራቁ፣ ካስፈለገ ለሕግ አመልክቱ። ሕመሙን መረዳትና ዱላውን መቀበል አንድ አይደሉም።

እንቅልፍ ማጣቱ፣ ቅዠቱ፣ ድንጋጤው፣ ከሰው መራቁ ዓመታት ካስቆጠረና ኑሮውን ካወከ ሐኪም ያስፈልገዋል። ሞትን የሚመኝ ቃል ከአፉ ከወጣ ደግሞ ቀጠሮ አትጠብቁ። ለዚህ ሕመም በንግግርም በመድኃኒትም የሚደረግ ሕክምና አለ፤ ከብዙ ዓመት በኋላ ቢጀመርም ይረዳል። አዲስ አበባ ለሚኖር አማኑኤል ሆስፒታል አለ፤ በክልል ከተሞችም በትልልቅ ሆስፒታሎች የአእምሮ ሕክምና ክፍል ጠይቁ። አባቴን «የአእምሮ ሐኪም» ብለን አንወስደውም ነበር፤ «የእንቅልፍህን ነገር እናሳይ» ስንለው ኮቱን ለበሰ። ጠበል የሚሄድ ከሆነም ይሂድ፤ ጠበሉ መድኃኒቱን እንዲያስጥለው ብቻ አትፍቀዱ።

እናታችሁን ለብቻዋ ጠይቁ

እሱ በሌለበት ጠይቋት። ጦርነቱ ቤት ውስጥ የገባው በእሷ በኩል ነው። አፍአበት ከተያዘ በኋላ አባቴ ሞቷል ተብሎ ለቅሶ ተቀምጠውለት ነበር። እናቴ ጥቁሯን ለብሳ፣ ዓመቱ ሞልቶ አውልቃ፣ ታላቅ ወንድሜን ብቻዋን ማሳደግ ለምዳ ነበር። በ1983 ክረምት አንድ የከሳ ሰው በር ላይ ሲቆም ወንድሜ ከጓዳ ተደብቆ «ሰውዬው መቼ ነው የሚሄደው?» ይላት ነበር። እኔ የተወለድኩት ከዚያ በኋላ ስለሆነ አባቴን «አንተ» እላለሁ፤ ወንድሜ ግን ዛሬም ድረስ «አንቱ» ነው የሚለው። በአንድ ቤት ያደጉ ልጆች አባታቸውን እኩል እንዳላገኙት ካላወቃችሁ እርስ በርስ ስትጣሉ ትኖራላችሁ፤ እኛ ለረጅም ጊዜ ተጣልተናል።

መቅዳት፣ ወረቀትና ስሞች

በስልክ ለመቅዳት መጀመሪያ አስፈቅዱት፤ ስልኩንም ፊት ለፊት አስቀምጡት። በድብቅ መቅዳት ክህደት ነው፤ እነዚህ ሰዎች ደግሞ የሚሰልላቸውን ያውቃሉ። «ይህን አጥፊው» ሲል አጥፉ። ቀኑ ወይም የክፍለ ጦሩ ቁጥር ከመጽሐፍ ጋር ባይገጥም በንግግሩ መሐል አታርሙት፤ በኋላ በኅዳግ ጻፉ። ምሽግ ውስጥ ያለ ወታደር የሚያውቀው የራሱን ጉብታ ነው፤ አጠቃላዩን የሚያውቀው መጽሐፍ ደግሞ የእሱን ጉብታ አያውቅም። ክፉ የሠራ አዛዥ በስሙ ካነሣ ቅጂው ቤታችሁ ይቅር፤ ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ አታውጡት።

ወረቀቶቹን ሁሉ ፎቶ አንሡ፦ የወታደር መታወቂያ፣ የሹመት ደብዳቤ፣ ከሠራዊቱ ሲሰናበት የተሰጠውን ወረቀት፣ የሆስፒታል ካርድ፣ ሜዳሊያ። ፎቶግራፍ ካለ ከጀርባው ያለውን ጽሑፍም አንሡ። ዋናውን በላስቲክ አትለብጡት፤ ሙቀቱና ሙጫው ወረቀቱን ያበላሻል፣ ፎቶና ማኅተም ለማጣራት ሲፈለግም ያስቸግራል። አባታችሁ ካለፈ ወይም ከነጭራሹ አልናገርም ካለ የዙር ጓደኞቹን ፈልጉ። በለቅሶ ላይ ይገኛሉ፤ አንዱ ሲሞት ሌላው የት እንዳለ የሚያውቅ ሰው ይመጣል።

በመጨረሻ የሚመጡት ስሞች ናቸው፤ አጠገቡ የሞቱት፣ በእጁ የቀበራቸው። በተለየ ደብተር ጻፏቸው፤ ስም ከነአባት፣ ከተቻለ ከነአያት፣ አገር፣ ወረዳ፣ ዙር፣ የወደቀበት ቦታ፣ እንዴት እንደታወቀ፦ ራሱ አይቷል ወይስ ሰምቷል? ይህ ልዩነት ከሁሉም ይበልጣል። የእኔ አባት ሞቷል ተብሎ የተለቀሰለት «ሰምቻለሁ» ባለ ሰው ነው። ከነዚህ ሰዎች መካከል እስከ ዛሬ መርዶ ያልደረሳቸው ቤተሰቦች ሊኖሩ ይችላሉ፤ ስለዚህ ለማሳወቅ ይፈቅድ እንደሆነ አባታችሁን ጠይቁት፤ እንቢ ካለ ደብተሩን ዝጉ። ከፈቀደ በስልክ አትደውሉ፣ በማኅበራዊ ሚዲያም ስም አትለጥፉ። በወረዳው የምታውቁት ሰው ፈልጉ፣ የአባትና የአያት ስም መግጠሙን አረጋግጡ፣ የቤተ ዘመድ ሽማግሌ አግኙና ነገሩን ለእሱ ስጡት። ማን እንደሚነግር፣ በየትኛው ቀን ማለዳ እንደሚነገር፣ እናትየዋ በሕይወት ካለች ይነገራት ወይስ ይቅርባት የሚለውን የሚወስኑት እነሱ ናቸው። አባታችሁ አብሮ መሄድ ከፈለገ ውሰዱት፤ ጫማውን፣ ዋሽንቱን፣ የሚያስታውሰውን ሁሉ ይጠይቁታልና ጠያቂዎቹን በቀኝ ጆሮው በኩል የሚያስቀምጥለት ሰው አብሮት ይሁን።